ለአሸዋ ሰስቼ እናቴን ጣልኳት!

እዚህ ገጽ ላይ ስለ ትዳር፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ሲባል ታነባላችሁ። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ አሸዋ ነው። «አሸዋ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ። እኔም እንደናንተው ስል ነበር። ዋጋውን የከፈለችው ግን እናቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትኖረው መንዝ ነው። አገሩን ለማያውቅ፣ መንዝ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ግቢው ሁሉ ማጥ ነው። ቤቷ እንደ አገሩ ወግ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ከቤት ማድ ቤት ስትመላለስ ጭቃው ጫማዋን እያስወለቀ መከራዋን ያሳያት ነበር። እኛ አዲስ አበባ ያለን ልጆቿ «ለምን ግቢውን ኮብልስቶን አናስነጥፍላትም?» ተባባልንና ገንዘብ አዋጣን።

ኮብልስቶን እንደምታውቁት በ1990ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ተጀምሮ፣ በ2000ዎቹ አዲስ አበባን አዳርሶ ወደየክፍለ ሀገሩ የዘለቀ ሥራ ነው። ዲግሪ ይዘው መዶሻ የጨበጡ ወጣቶች ነገር ያን ጊዜ ስንቱን አነጋግሯል! ለመንዝ ጥቁር ድንጋይ ብርቁ አይደለም። የሚወደደው አሸዋው ነው። ወንዙ ያለው ቆላ ነው፤ አሸዋው ዳገቱን በመኪና ተጭኖ ደጋ እስኪደርስ ኪራዩ ከራሱ ከአሸዋው ይበልጣል።

ታዲያ ሠራተኛው የአሸዋውን ሂሳብ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። «ከሥር ለመደላድሉ የተነጠፈው አይበቃም እንዴ? የላዩን ክፍተት ከግቢው አፈር ሙላበት፤ ማን ያየዋል?» አልኩት። «እርስዎ ካሉ» ብሎ ሞላው። ግንቦት ላይ ሲያልቅ እንዴት ያምር እንደነበር! ጎረቤት እየመጣ መረቀን።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከድንጋዮቹ መሃል ያለውን አፈር ልሶ ልሶ አወጣው። ድንጋዩ እንዳረጀ ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ እናቴ አመድ ልትደፋ ስትወጣ አንዱ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ከዳት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። «ምን ሆና ነው?» ብዬ በስልክ ስጠይቅ «ኮብልስቶኑ ጣላት» አሉኝ። ኮብልስቶኑ ምን አደረገ? የጣልኳት እኔ ነኝ!

ለመስቀል አገር ቤት ስገባ በሙያው የሸበቱ አንድ ግንበኛ ለምኜ አመጣሁ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ወዘወዙና «ልጄ፣ ድንጋይን ድንጋይ አይዘውም። የሚይዘው መሃሉ ያለው አሸዋ ነው» አሉኝ። አንዱ ድንጋይ ሲረገጥ ሸክሙን ለጎረቤቱ የሚያካፍለው በአሸዋው በኩል ነው። አሸዋው ከሌለ እያንዳንዱ ድንጋይ ብቻውን ነው። አፈር ደግሞ ሲረጥብ ይሟሟል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሣርም ያበቅላል። እርሳቸው ያስተማሩኝንና ኋላም ጠያይቄ ያወቅሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የአሸዋው ዓይነት። ግንበኞች «ፉጋ» የሚሉት የድንጋዮቹ መሃል ክፍተት ለኮብልስቶን ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲም ቢሆን ደግ ነው። ለዚህ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሸካራ አሸዋ ይፈለጋል። ከፋብሪካ ለሚወጣው የሲሚንቶ ንጣፍ ግን ክፍተቱ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ደቀቅ ያለው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የማያልፈው ይሻላል። የአሸዋው ቅንጣት ማዕዘን ያለው ይሁን፤ ክብ ክቡ እርስ በርሱ ይንሸራተታል። የድንጋይ መፍጫ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ደቃቁ ፍጭ ጥሩ ይይዛል።

ንጽሕናውን በቤታችሁ ሞክሩ። በጠርሙስ ሲሶውን አሸዋ፣ ሲሶውን ውሃ አድርጉና በደንብ ነቅንቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ ጭቃ ተኝቶ ታያላችሁ። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ካለፈ ሳይታጠብ አትጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ አሞላሉ። ቀኑም አሸዋውም ደረቅ ይሁን። አሸዋውን በትኑና በመጥረጊያ አግድም እየጠረጋችሁ ወደ ክፍተቱ አስገቡት። ከዚያ ድንጋዩ ይደለደል፣ ውሃ በስሱ ይረጭ፤ አሸዋው ይወርዳል። እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ደልድሉ። መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ቢላዋ ሰክታችሁ ዘው ብሎ ከገባ ገና አልሞላም። ሲያልቅም ከላይ ስስ አሸዋ በትናችሁ ለጥቂት ሳምንታት ተዉት፤ እየተረገጠ የጎደለውን ይሞላል።

ሦስተኛ፣ «በሲሚንቶ ልድፈነውና ልገላገል» የሚል ሞልቷል። ከሥሩ አሸዋ ለሆነ ንጣፍ ይህ አይበጅም። ድንጋዩ ሲረገጥ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አያገኝም። በውጭ አገር ሙጫ የተቀላቀለበትና ውሃ ሲነካው የሚጠነክር አሸዋ በከረጢት ይሸጣል። እሱም ቢሆን ከድንጋዩ ላይ በደንብ ሳይጠረግ ውሃ ከነካው ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ጥሎ ያበላሻል።

አራተኛ፣ ውሃው የት ይሂድ? ግቢው ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዝቅ እያለ ይሂድ። በጭቃ ለተገነባ ቤት ይህ የሞት ሽረት ነገር ነው፤ በክፍተቱ የሰረገ ውሃ መሠረቱን ይበላዋል። የንጣፉ ዳር በጠንካራ ድንጋይ ይታሰር፣ አለዚያ አሸዋው በጎን ያመልጣል። የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚያርፍበትንም ቦታ አትርሱ። የኛን አሸዋ የቱንም ያህል ብንሞላ እየቦረቦረ ያወጣው ስለነበር አሸንዳ እስክናስገባ አላረፍንም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲም፣ ክፍተቱ 1 ሳንቲም ቢሆን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚበቃው 17 ሊትር ያህል አሸዋ ነው፤ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን እንኳ አይሞላም። የእናቴ ግቢ 40 ካሬ ናት። ሁሉ ተደምሮ አንድ ሜትር ኩብ አይደርስም! ለዚህች ነበር የሰሰትኩት።

በጥቅምት ንጣፉን አስነስተን ከነመደላድሉ እንደገና አሠራነው፤ ወጪው እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የጎደለውን እንሞላለን። የእናቴ እጅ ተጠግኗል፤ ውርጭ ሲሆን ግን ይጠዘጥዛታል። እሷ ግን አትወቅሰኝም። «አሸዋው ከገባ ወዲህ ድንጋዩ አደብ ገዛ» እያለች ትስቃለች። እኔ ነኝ መሳቅ የሚያቅተኝ።

እናንተ ግን ሳይቃጠል በቅጠል በሉ። ቸር እንሰንብት!