እናት የዋጠችው ክኒን

የሰው ፆታ ገና በተፀነሰበት ሰዓት በዘሩ የተወሰነ ቢሆንም፣ ስድስት ሳምንት የሞላው ፅንስ፣ ቁመቱ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ሳይበልጥ፣ ሴትም ሆነ ወንድ ሁለት ጥንድ ቀጫጭን ቱቦዎችን በሆዱ ውስጥ ጐን ለጐን ይዞ ይገኛል። አንደኛው ጥንድ ለወንዱ የዘር መተላለፊያ የሚሆን ሲሆን፣ በጀርመናዊው ሊቅ በዮሐንስ ሙለር ስም የሚጠራው ሁለተኛው ጥንድ ደግሞ የሴቲቱን ማኅፀን የሚያበጅ ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940ዎቹ የጥንቸል ፅንሶችን በእናታቸው ማኅፀን ውስጥ እንዳሉ የዘር ፍሬያቸውን ቢያወጣባቸው፣ ወንድ ሊሆኑ የነበሩት ሁሉ የሴት አካል ይዘው ተገኙ። ከዚህም ሆርሞን የሚባለው ረቂቅ ንጥረ ነገር ለፅንስ የሚላክ መልእክት መሆኑን፣ በሰዓቱ ካልደረሰ ወይም ያለ ሰዓቱ ከደረሰ የአካልን ሥርዓት እንደሚለውጥ ለመረዳት ተቻለ።

በ1938 ኤድዋርድ ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ዲ.ኢ.ኤስ. በሚል አጭር ስም የታወቀውን ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን፣ ቀምመው ገለጡ። ይህ መድኃኒት በአፍ የሚዋጥ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበርና ብዙ ኩባንያዎች ሠሩት። በአሜሪካ የሐርቫርድ ሊቃውንት የነበሩት ባልና ሚስት፣ ጆርጅና ኦሊቭ ስሚዝ፣ ፅንስ የሚጨነግፈው በሆርሞን ማነስ ነው ብለው ስላመኑ፣ ነፍሰ ጡሯ ከሰባተኛው ሳምንት ጀምራ በቀን 5 ሚሊግራም እንድትወስድ፣ መጠኑም እየጨመረ ሄዶ በ35ኛው ሳምንት 125 ሚሊግራም እንዲደርስ አዘዙ። እንግዲህ መድኃኒቱ የተጀመረው የፅንሱ ቱቦዎች በሚቀረጹበት በዚያው ወራት ነበር ማለት ነው። እናቲቱ ራሷ የምታመነጨውን ኤስትሮጅን በደሟ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች በአብዛኛው አስረው ሲይዙት፣ ይህን እንግዳ ግን አጥብቀው ስለማይዙት፣ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይዘልቃል።

በ1953 በቺካጎ ከ1,600 በሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ፣ ለእኩሌቶቹ መድኃኒቱን፣ ለእኩሌቶቹ ምንም የሌለበትን ክኒን ሰጥተው የመረመሩ ሐኪሞች፣ መድኃኒቱ ጭንገፋን እንደማይከላከል በግልጽ አስረዱ። ሆኖም ከዚህ በኋላ ለ18 ዓመታት መታዘዙ አልቀረም፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፣ ባለማወቅ የተደረገው ቢያልፍ እንኳ፣ ከታወቀ በኋላ የተደረገው በምን ይሻራል?

በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም በቦስተን በአሮጊቶች እንኳ እምብዛም የማይታይ የብልት ነቀርሳ ከ15 እስከ 22 ዓመት ባላቸው ልጃገረዶች ላይ ታየ። ሐኪሞቹ በምክንያቱ ግራ ተጋብተው ሳሉ፣ ከታማሚዎቹ የአንዲቱ እናት፣ ልጄን ባረገዝሁ ጊዜ የወሰድሁት መድኃኒት ይሆን ወይ? ብላ ጠየቀች። አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ ይህን ጥያቄ ሳይንቁ ስምንት ታማሚዎችን ከ32 ጤነኞች ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ከስምንቱ የሰባቱ እናቶች መድኃኒቱን የወሰዱ ሲሆኑ፣ ከጤነኞቹ እናቶች ግን የወሰደች አንዲት እንኳ አልተገኘችም። በ1971 ጥናቱ ከታተመ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ።

ነቀርሳው በፅንስነታቸው ለመድኃኒቱ ከተጋለጡት ሴቶች ልጆች ከሺህ ወደ አንዲቱ የሚደርስ ነው፤ የማኅፀኑ ጉዳት ግን እጅግ ሰፊ ነው። በሙለር ቱቦ ላይ ሆክስ የሚባሉ ጂኖች በተራ እየሠሩ፣ አንዱ ክፍል የእንቁላል መተላለፊያ ቱቦ፣ አንዱ ማኅፀን፣ አንዱ የማኅፀን አንገት እንዲሆን የሚያዙ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ ይህን ተራ እንደሚያፋልስ በአይጦች ላይ ታይቷል። ከእነዚያ ሴቶች በብዙዎቹ ላይ ማኅፀኑ የላቲኑን ፊደል ቲን መስሎ ጠቦ ስለሚገኝ፣ ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ ከተሰጠው መድኃኒት የተነሣ የእነርሱ ፅንስ ይጨነግፍ፣ ወይም ያለ ወሩ ይወለድ ነበር።

በአሜሪካ ከእነርሱ የመጨረሻዎቹ ዛሬ ኀምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በየዓመቱም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ፣ ከማኅፀን አንገት ብቻ ሳይሆን ከብልት ግድግዳ ከአራቱም ጐን ናሙና ይወሰድላቸዋል።