ከኋላ መገጨት

ከኋላ መገጨት የቆመ ወይም ፍጥነቱን የቀነሰ ተሽከርካሪ በሚከተለው ተሽከርካሪ ሲመታ የሚደርስ የመንገድ አደጋ ነው። የተለመደው መንስኤ ርቀት ጠብቆ አለማሽከርከር ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ አስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ቢቆም፣ ተጠግቶ የሚከተለው መኪና ፍሬን ይዞ ለመቆም ቦታ አያገኝም።

ኃላፊነት

ብዙ ሰው «ከኋላ የገጨ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው» ብሎ ያምናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ የጉዳቱንም ወጪ ባለንብረቶቹ እኩል ይካፈላሉ። ግምቱ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የተገጨው ሰው ማስረጃ ከሌለው ግማሹን ወጪ ሊሸከም ይችላል።

ከአደጋው በኋላ

• የአደጋ መብራት ማብራትና የተጎዳ ሰው መኖሩን ማየት። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል።
• መኪኖቹ ከቦታቸው ከመነሣታቸው በፊት ፎቶ ማንሣት፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የመድን ድርጅት ስምና የምስክሮችን ስልክ መያዝ።
• ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እንዲያነሣ መጠበቅ። እዚያው ተስማምቶ የተለያየ ሰው ኋላ ክርክር ቢነሣ የሚያቀርበው አይኖረውም።
• ለራስ መድን ድርጅት ቶሎ ማሳወቅ።
• የአንገት ሕመም በማግስቱ ሊጀምር ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መቅረብና የሕክምና ማስረጃውን ማስቀመጥ።

ገጪው ቢሰወር

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ገጪው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ አካሉ የተጎዳ ሰው ካሣ የሚጠይቀው በአዋጁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ነው።