የጽሕፈት ሙያ በጉባኤ ስለ ማደጉ

ፊደል ለይቶ ደብዳቤ ለመጻፍ የበቃ ሰው፥ ብዙ ጊዜ የጽሕፈትን ሙያ የጨረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ሥራ የፈታ ማረሻ እንደሚዝግ ሁሉ፥ ሰሚና አራሚ ያጣ ብዕርም እየደነዘ ይሄዳል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ምክር ለጀማሪው ብቻ ሳይሆን ጥምጥሙን ለጠመጠመውም ይጠቅማል።

ጽሕፈት እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ የኢትዮጵያን የቅኔ ቤት መመልከት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ይኸውም ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ ነው። ከዚያም ደረጃ በደረጃ እየወጣ፥ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። ተማሪው መምህሩ ያሳየውን መንገድ ይዞ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ሥራው ግን በዚያ አያበቃም፤ ተመልሶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያሰማዋል። መምህሩም ቤቱ ያልደፋውን፥ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማውን፥ ቃሉ ከስፍራው የወጣውን እየነቀሰ ያርማል። ተማሪው የጓደኞቹንም ስሕተት ሲታረም ስለሚሰማ፥ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ትምህርት ይቀስማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ፥ የተመሰገነውም ተማሪ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ይህ ትምህርት ከግዕዝ ቅኔ አልፎ ለአማርኛ ድርሰትም ጠቅሟል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ቤቶች የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም የቤተ ክህነት ተማሪ ኑሮ ተገልጦ ይታያል።

ስለዚህ በገጠር ያለ መምህር፥ ፊደል የሚያውቁትን ሽማግሌዎችና ትምህርታቸውን የጨረሱትን ወጣቶች በወር አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ቢሰበስብ፥ ያለ ብዙ ወጪ የጽሕፈት ጉባኤ ሊያቋቁም ይችላል። እያንዳንዱም ስለሚያውቀው ነገር አንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ፤ ለምሳሌ የመንደሩ ምንጭ በማን እንደ ተቈፈረ፥ ጤፍ በምን ጊዜ እንደሚዘራ፥ የወሰን ጠብ በምን ዓይነት ሽምግልና እንደ በረደ ይጻፍ። ጽሑፉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ሰሚዎች በመጀመሪያ የተረዱትን ይናገሩ፤ ቀጥሎ ያልገባቸውን ይጠይቁ፤ በመጨረሻም ሽማግሌዎች የተሳተውን ቃልና ታሪክ ያቅኑ። ጸሓፊውም እርማቱን ተቀብሎ፥ ለሚቀጥለው ወር እንደ ገና ጽፎ ያምጣ። መምህሩ ራሱ ጽሑፉን አቅርቦ ቢታረም፥ መታረም ውርደት አለመሆኑን ወጣቶቹ በዐይናቸው ያያሉ።

አራሚው ግን መጠንቀቅ ይገባዋል። በጉባኤ መካከል የተሣቀበት ጀማሪ ዳግመኛ ብዕር ላያነሣ ይችላል። ሁሉን ያለ መጠን የሚያመሰግን ሰሚም፥ ጸሓፊውን ካለበት እንዳያልፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መልካሙን መልካም ብሎ፥ የጐደለውን ለይቶ በትሕትና ማሳየት ይሻላል።

የዚህ ጉባኤ ጥቅም ለጸሓፊው ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ሲሞት፥ በልቡ የያዘው የወሰን ምልክት፥ የትውልድ ሐረግና የዕርቅ ሥርዓት ሳይጻፍ አብሮት ይቀበራል። መጻፍ የሚችል ወጣትና ብዙ ያየ ሽማግሌ በአንድ ጥላ ሥር ሲገናኙ ግን፥ ወጣቱ የሚጽፈውን ነገር ያገኛል፤ የሽማግሌውም ዕውቀት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።