ትንሽ ድራም ማለት ጸጥ ያለ ድራም ማለት ነው?

የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ድራሜን ገዝቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ስገጥመው በጣም ተማምኜ ነበር። ሄድፎን አድርጌያለሁ፣ የምመታው ቆዳ ሳይሆን መረብ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውም ጣ ጣ የምትል ትንሽ ድምፅ ብቻ ናት። በሦስተኛው ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ። ከታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት ናቸው። «ልጄ፣ በዚህ ማታ ምንድን ነው የምትወቅጡት?» አሉኝ። ሙቀጫ መስሏቸው ነው።

አፈርኩ። ግን እሳቸው ሳያስቡት ትክክለኛውን የፊዚክስ መልስ ነግረውኛል። ቤታችሁ ውስጥ የምትለማመዱበት ትንሽ ድራም ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን የሙቀጫ ነገር አብረን ብናያት ይሻላል።

እስቲ ከመጠን እንጀምር። ሱቅ ስትሄዱ ወይም በስልክ ስታስሱ «ለቤት የሚሆን» ተብለው የሚቀርቡት ድራሞች ቤዛቸው ያነሰ ነው። የተለመደው ቤዝ ድራም ስፋቱ 22 ኢንች ሲሆን የትንንሾቹ 16 ወይም 18 ነው። ታዋቂው ምሳሌ የሉድዊግ ኩባንያ ከዘ ሩትስ ባንድ ድራመር ከክዌስትላቭ ጋር ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ብሬክቢትስ ነው። ቤዙ 16 ኢንች፣ ትንሹ ቶም 10፣ ትልቁ ቶም 13 ነው። ጠባብ ክፍልና ጠባብ መድረክ ታስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ ማነሱ ድምፁን ምን ያደርገዋል? ከበሮን አስቡ። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ቆዳውና ውጥረቱ ሳይለወጥ ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው ቆዳ 120 ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህ 16 ኢንቹን ቤዝ እንደ 22ቱ ወፍራም ለማድረግ ቆዳውን ማላላት ግድ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የአየር ተጽዕኖ ለጊዜው ትተን ብናሰላው፣ ውጥረቱ ወደ ግማሽ ገደማ መውረድ አለበት። የላላ ቆዳ ደግሞ የፔዳሉን መምቻ ቶሎ አይመልስም፤ እግራችሁ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ያወራነው ስለ ቅጥነትና ውፍረት ነው። ስለ ጩኸት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ16 ኢንቹ ቆዳ ስፋቱ ከ22ቱ ግማሽ በትንሹ ቢበልጥ ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን የድምፁ ኃይል ሙሉ በሙሉ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ በዴሲቤል ሲለካ የሚወርደው 3 ብቻ ነው። ጆሯችን «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል መውረድ አለበት። በዚያ ላይ የብሬክቢትሱ ስኔር የተለመደው 14 ኢንች ነው፣ ሲምባሎቹም ያው ሲምባል ናቸው። በቃ፣ ትንሽ ድራም የሚቆጥብላችሁ ቦታ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም።

የጩኸቱ ነገር ደግሞ ከጎረቤት በፊት የሚነካው እናንተን ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። እውነተኛ ድራም ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ተጫዋቹ ጆሮ ላይ 100ን በቀላሉ ያልፋል። የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ሳታደርጉ ጠባብ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ድራም አትምቱ። ሄድፎን የምትጠቀሙም ብትሆኑ ድምፁን እስከ ጥግ አትክፈቱት፤ ሒሳቡ ለሄድፎንም ያው ነው።

ጩኸቱን ከምንጩ የሚቀንሰው መረቡ ነው። ድፍን ቆዳ ሲመታ አየሩን ይገፋል፤ መረብ ግን አየሩን በቀዳዳዎቹ ያሳልፈዋል፣ የሚገፋው ነገር የለም። ትንሽ እውነተኛ ድራም ያለው ሰው ቆዳውን በመረብ፣ ሲምባሉንም በቀዳዳ በተሞላው ዓይነት ቀይሮ መለማመድ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ የምመርጠው ይሄንን ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል!

ኤሌክትሮኒኩ ላይ ከመረቡ ሥር ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ሥር ደግሞ ፒየዞ የሚባል ስስ ሴንሰር አለ። አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እንደሚያመነጩ ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ስቲኩ ሲያርፍ ሴንሰሩ ቮልቴጅ ያመነጫል፣ ሳጥኑም ያንን ተቀብሎ ድምፅ ያወጣል። ትንሽ መዘግየት አለው፤ ግን ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና፣ የጥቂት ሚሊ ሰከንድ መዘግየት አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ እንደመቀመጥ ነው። በብሉቱዝ ሄድፎን ብትሞክሩት ግን እጃችሁና ጆሯችሁ ይጣላሉ። ባለ ገመዱን ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ሙቀጫችን እንመለስ። ሄድፎኑም መረቡም የሚያስቀሩት በአየር የሚሄደውን ድምፅ ነው። የቤዙ ፔዳል ግን በእያንዳንዱ ምት ወለሉን ይገፋል፤ ኮንክሪቱ ይንቀጠቀጣል፣ የታችኛው ቤት ጣሪያም ያው ኮንክሪት ነው። ጎረቤቴ ቤት ውስጥ ድራም የሆነው የራሳቸው ጣሪያ ነበር ማለት ነው። ሙቀጫም የሚሰማው በዚሁ መንገድ ነው። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን የምትለጥፉ ልጆች አዝናለሁ፤ ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ቀጭን ድምፅ በመጠኑ ያለዝብ ይሆናል እንጂ በወለል የሚሄደውን አያገኘውም። ስስ ምንጣፍም ድራሙ እንዳይንሸራተት ከማድረግ አያልፍም።

የሚሠራው መፍትሔ ድራሙን ከወለሉ በሞላ መለየት ነው። ርካሹ ሞላ ደግሞ የቴኒስ ኳስ ነው። ሁለት ጠንካራ ቺፕውድ ቁረጡ፣ በመሃላቸው ኳሶቹን በእኩል ርቀት ደርድሩና እንዳይንከባለሉ ለእያንዳንዱ ከጠርዙ ቀዳዳ አብጁ። የቴኒስ ኳስ 8 ኪሎ ሲጫነው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። እናንተ፣ ድራሙና ጣውላው አንድ ላይ 100 ኪሎ ብትሆኑና 25 ኳስ ብትጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ኳስ 4 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ዝቅታው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ ቆንጆ ሒሳብ አለች፦ 5ን በሴንቲ ሜትር በለካችሁት ዝቅታ ስኩዌር ሩት ስታካፍሉ፣ መድረኩ በራሱ ጊዜ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ታገኛላችሁ። የ0.3 ስኩዌር ሩት 0.55 ገደማ ስለሆነ መልሱ 9 ነው። ከዚህ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ የሆነ ንዝረት፣ ማለትም በሰከንድ ከ13 በላይ የሆነው፣ ወደ ወለሉ ሲያልፍ እየተዳከመ ይሄዳል። ኳሱ ሲበዛ መድረኩ ይደርቃል፣ ቁጥሩም ይጨምራል፤ ስለዚህ «ለማንኛውም» ብላችሁ 60 ኳስ አትጨምሩበት። በጣም ሲያንስ ደግሞ እንደ ጀልባ ያወዛውዛችኋል።

እኔ መድረኩን ከሠራሁ በኋላ ወንድሜን ፔዳሉ ላይ አስቀምጬ ወደ ታች ወረድኩና እማማ ቤት ገብቼ አዳመጥኩ። ሙቀጫው የለም። ግን በየተወሰነ ጊዜ ዱብ የሚል ነገር አለ። ምን መሰላችሁ? ወንበሩ! መድረኩ ስለጠበበኝ ወንበሩን ወለሉ ላይ ትቼው ነበር፤ ወንድሜ እግሩን ባነሳ ቁጥር ክብደቱ ወንበሩን ይጫነዋል። ጣውላውን ስትለኩ የወንበሩንም ቦታ ጨምሩበት።