አንድ ዕቃ፥ ብዙ መዝገብ

አንድ አስመጪ ከውጭ አገር ያዘዘው ዕቃ መጋዘኑ እስኪገባ ድረስ ስሙ በስንት መዝገብ እንደሚጻፍ ቢቈጥር ይደነቃል። ባንኩ የውጭ ምንዛሪ የፈቀደበት መዝገብ አለው፤ የመድን ድርጅቱም የራሱ አለው፤ ጉምሩክና የገቢዎች መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። ነጋዴውም ሆነ አስተላላፊው ያንኑ ወረቀት ተሸክሞ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሯል።

ይህን ድካም ለማቃለል ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1989 ትሬድኔት የተባለውን ሥርዐት አቋቋመች። ነጋዴው አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ያቀረበውን ማመልከቻ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይካፈሉታል። በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በዚሁ ሐሳብ በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ነገር ግን መዝገቦችን በሽቦ ማገናኘት ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው፥ በአንዱ መዝገብ የተጻፈው ነጋዴ በሌላው ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ነው። የባንክ ጸሐፊ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» አንድ ስም መሆኑን አይቶ ያውቃል፤ ኮምፒዩተር ግን ካልታዘዘ በቀር ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልዩነቱ ይበዛል። የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 2016 የተጻፈው ውል በውጭው ላኪ ሰነድ 2024 ይባላል።

ስለዚህ መዝገቦች ተማምነው የሚገናኙት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። የነጋዴው ቁጥር 10 አኀዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። የዕቃው ቁጥር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ላይ የዋለው፥ ኤች ኤስ ኮድ የሚባለው የዕቃዎች ምደባ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኀዞች ምደባውን በተቀበሉት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ያልተቈላና ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና 090111 ተብሎ ከአዲስ አበባ ቢወጣ፥ በሃምቡርግም በጂዳም በዚሁ ይታወቃል። 090112 ብሎ የጻፈ ሰው ግን በአንድ አኀዝ ስሕተት ካፌይኑ የወጣለት ቡና ልኬአለሁ ማለቱ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ስሕተት በተጻፈበት መሥሪያ ቤት ይቀር ነበር፤ መዝገቦች ሲገናኙ ግን ከእውነቱ ጋር አብሮ ይጓዛል። ሰነዱ አልመሳከር ብሎ ዕቃው በጅቡቲ ወይም በሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቆም፥ ኪራዩን የሚከፍለው የተሳሳተው ጸሐፊ ሳይሆን ባለዕቃው ነው።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ አንድ ዋና ወረቀት ያዘጋጃል። የድርጅቱን ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ በአማርኛና በላቲን ፊደል፥ የመለያ ቁጥሩንና የዕቃዎቹን ምደባ ጽፎ ለጸሐፊውም ለአስተላላፊውም ይሰጣል። ማመልከቻ ሁሉ ከዚያ ወረቀት ይገለበጣል፤ ከመፈረሙም በፊት ከዚያው ጋር ይመሳከራል።