ሐላሉ ዓሣና የተከለከለው መረብ



የዛሬው ርዕሳችን ከሐይቅ ዳር የመጣ ነው። በተከለከለ መረብ ወይም ያለ ፈቃድ አታጥምድ የተባለ ሙስሊም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አለ፤ «ዓሣን አላህ (ሱ.ወ) ሐላል አድርጎታል፤ ሐላል ያደረገውን ማን ይከለክለኛል?» ይላል። ማስረጃም አያጣም። በሱረቱል ማኢዳህ በኢሕራም ላይ ላለ ሰው የየብስ አደን ሲከለከል፣ የባሕር አደን ግን ለእርሱም ሳይቀር ተፈቅዷል። ሐይቅና ወንዝም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ታዲያ አንድ የወረዳ ባለሙያ በምን ሥልጣኑ ይከለክላል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጣ ሊመለስ አይገባም።

አስቀድመን የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። ጣናን እንውሰድ። በጣና ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል አባይ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይዋኙና ጠጠርና ጥሩ ውኃ ባለበት እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወደዚያ ሲሄዱ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይከማቻሉ። አጥማጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በዚያ ወቅት እዚያ ቦታ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የሚያወጣው ግን እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜም የእነዚህ ዓሦች ብዛት ከግማሽ በላይ መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ሕጉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አስከተለ። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ተከለከለ፤ ለንግድ ማጥመድ በፈቃድ ሆነ፤ የመረብ ዓይን ስፋትና የመራቢያ ቦታ ጥበቃም ሕግ የሚመለከተው ጉዳይ ሆነ። ለዱር እንስሳትም በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቷል፤ እርሱን ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እናየዋለን።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የቁርኣኑ አንቀጽ ዓሣ የሚበላ መሆኑን ይነግረናል፤ ሐይቁን ግን የአንድ ሰው ንብረት አላደረገውም። ውኃ፣ ግጦሽና እሳት ሰዎች የሚጋሯቸው መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የጋራ በሆነ ነገር ላይ የአንዱ እጅ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ የሚጠብቅ አካል ያስፈልጋል። ዑለማዎች ባለ ሥልጣን ሙባሕ የሆነን ነገር ለሕዝብ ጥቅም፣ ማለትም ለመስለሓ፣ ሲል በቦታና በጊዜ ሊገድበው ይችላል የሚሉትም ለዚህ ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሒማ በተባለው ክልል፣ የሕዝብ እንስሳት በሚግጡበት ቦታ ላይ፣ ሁነይ የተባለ ሰው ሾመው ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና ተምር አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ እርሳቸው ከመምጣት ሌላ መሄጃ የለውም። የአገሩ ሰዎች መሬታችን ተወሰደብን ብለው እንደሚያዝኑም ያውቁ ነበር። ቢሆንም ከለሉት።

እዚህ ላይ ለሕግ አስከባሪዎችም የምንለው አለን። በደንገል ታንኳ ለልጆቹ እራት የሚያጠምደው የነገደ ወይጦ ወገናችን አንዲት መረቡ ተነጥቃ፣ የብዙ መረብ ባለቤት በሌሊት ጭኖ የሚያልፍ ከሆነ ይህ የዑመር ሒማ አይደለም። የአስፈጻሚው ጉድለት ግን ለእኛ ፈቃድ አይሆነንም።

«መንግሥቱ ሙስሊም ስላልሆነ ግዴታ የለብኝም» የሚልም ይኖራል። ይህ ሰው ፈቃድ ሲያወጣ የፈረመው ቃል ነው። የማኢዳህ የመጀመሪያው አንቀጽ ቃል ኪዳንን መሙላት ያዛል፤ እዚያው አንቀጽ ላይም የአደንን ገደብ ያነሣል። ጎረቤትን አለመጉዳትም የገዢውን ሃይማኖት አይጠይቅም።

የቀረው የእናቶች ጥያቄ ነው፤ እንዲህ የተጠመደ ዓሣ ይበላል ወይ? ዓሣው በዚህ ምክንያት በክት አይሆንም፤ ኃጢአቱ በአጥማጁ ድርጊት ላይ ነው። እያወቀ የሚገዛውን ሰው ግን በወንጀል አትተባበሩ የሚለው ትእዛዝ ይመለከተዋል። በጣና ዙሪያ ያላችሁ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ ስትገዙ ከየት እንደወጣ ጠይቁ፤ ከወንዝ አፍ ነው ካሏችሁ ተዉት።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።