የፋብሪካ ጣውላ አመራረጥ በፎገራ ሜዳና በአካባቢው

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው፣ የጣና ሐይቅም ከፍ ብሎ፣ በፎገራ ሜዳ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ለእህል መጋዘን፣ ለጤና ኬላና ለጊዜያዊ መጠለያ የሚሆን የፋብሪካ ጣውላ ሲገዛ፣ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ነው።

ኮምፔንሳቶ ከግንድ በስሱ የተላጠ እንጨት ነው። የአንዱ ልጣጭ ቃጫ ከሌላው ጋር መስቀልኛ ሆኖ በሙጫ ስለሚታመቅ በቀላሉ አይጣመምም፤ አይሰነጠቅምም። ችፑድ ግን በሙጫ ተለውሶ በሙቀት የተጫነ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ኤም.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ደግሞ እንጨቱ እስከ ቃጫው ድረስ ልሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ገጹ ለቀለም የተመቸ ነው። ስሱ ፋይዚት ለኮርኒስ ይበቃል።

ተራው ችፑድ የሚጣበቀው በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ነው። ውኃ ሲገባበት ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፤ የበሩን ማጠፊያ የያዘው ብሎንም ይላቀቃል። መድኃኒት የተደረደረበት መደርደሪያ በዚህ ምክንያት ሲወድቅ ኪሣራው ከጣውላው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። በፌኖል ሙጫ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ግን ርሶ ቢደርቅም ልጣጮቹ በቀላሉ አይለያዩም። ይሁን እንጂ ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሠራው ኮምፔንሳቶም በዩሪያ ሙጫ ሊጣበቅ ስለሚችል ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጠቆር ያለ የሙጫ መስመር የፌኖል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ የሚሻለው ግን መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክሮ ውፍረቱን በፊትና በኋላ መለካት ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ከሜዳው ከፍ ብላ በምትገኘው የደራ ወረዳ ከተማ በአንበሳሜ፣ ወለሉ ደረቅ ለሆነ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛና መደርደሪያ ችፑድ በቂ ነው፤ በዚያ ቦታ ውድ ኮምፔንሳቶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። መጓጓዣውን በሚመለከት፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊሜትር ችፑድ ወደ 35 ኪሎ ስለሚመዝን መኪና በማይገባበት ቀበሌ ለሸክም አስቸጋሪ ነው። ለግድግዳማ የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ዛሬም ይረክሳል።

ዩሪያ ሙጫ ያለበት ጣውላ ፎርማልዴሃይድ ስለሚተን ሕፃናትና ሕሙማን የሚያርፉበት ክፍል በሚገባ መናፈስ አለበት። ጣውላው በመጋዘን ሲቀመጥ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በአግድም ይደረደራል፤ ከተቆረጠም በኋላ ውኃ በብዛት የሚገባው በጠርዙ በኩል ስለሆነ ጠርዙ ከመገጠሙ በፊት ዘይት ቀለም ይቀባል።